ከሰልሽ ጨሰብኝ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ከቡና ገለባ ሠርተሽ የላክሽልኝን ከሰል ቅዳሜ ከሰዓት አቀጣጠልኩት። ቡና ላፈላ ሁለት ጎረቤቶቼን ጠርቼ ነበር። ሩብ ሰዓት ሙሉ ባራግበውም ጢስ እንጂ ፍም አልወጣውም። አንደኛዋ ጎረቤቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠራረገች «ከተያያዘ በኋላስ ደህና ይመስላል» አለች። እውነቷን ነው፤ ከተያያዘ በኋላ እስከ በረካው ወረደበት፣ ማታም ሽሮዬን ሠራሁበት፣ አመዱም ትንሽ ነው።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ውድድር አሸንፈሻል፣ ሽልማት ወስደሻል፣ ዳኞቹ «ስኬል አድርጊው» ብለውሻል፤ አንቺም በሦስት ዓመት አንድ ሚሊዮን ቤት እደርሳለሁ ብለሽ ጽፈሻል። ከዚያ «አክስቴ፣ ምከሪኝ» አልሽ። የንግድ ትምህርት እንደሌለኝ ታውቂያለሽ። በቤት ኢኮኖሚክስ ባለሙያነት ገጠር ለገጠር ዞሬያለሁ፤ ቀጥሎም ሃያ ዓመት ያህል ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ሲስፋፋም ሲከሽፍም አብሬው ኖሬያለሁ። ያየሁትንና ያነበብኩትን በቁጥር ለይቼ ልጻፍልሽ። ቁጥሩ ስትፈልጊ እንድታገኚው እንጂ የማዕረግ ቅደም ተከተል አይደለም።

1. ጢሱን ሳትጨርሺ ሁለተኛ በርሜል አትግዢ።

የሚጨስበትን ምክንያት አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ወይ የቡናው ገለባ በርሜሉ ውስጥ በደንብ አልከሰለም፣ ወይ ማጣበቂያው በዝቷል፣ ወይ ሳይደርቅ ጆንያ ገብቷል። እኔ የምጠረጥረው ሦስተኛውን ነው፤ ጆንያውን ስፈታው እጄን ቀዝቀዝ አለኝ፣ አንዱን ለሁለት ስሰብረው መሐሉ ረጥቦ ነበር። በወር አምሳ ጆንያ ስትሠሪ እንዲህ ያለውን ጉድለት በይቅርታና በምትክ ትሸፍኚዋለሽ። በወር አምስት ሺህ ስትሠሪ ግን ጉድለቱ ስምሽ ይሆናል።

ስም ሲጠፋ አይቻለሁ። ላቀች ምድጃን ታስታውሺያለሽ፤ እናትሽ ቤት በረንዳው ላይ የነበረችው፣ ውጪዋ ቆርቆሮ ውስጧ ሸክላ። ከኬንያው ጂኮ የተወሰደች ናት፤ በአግባቡ ከተሠራች ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ትቆጥባለች። ተወደደች፣ ተፈለገች፣ ከዚያ ሁሉም ይሠራት ጀመር። ሸክላው ሳሳ፣ አተኳኮሱ ጥድፊያ ሆነ፣ በሁለት ወሯ የምትሰነጠቅ ላቀች ገበያ ላይ ወጣች። ገዢዋ «እገሌ የሠራት ተሰነጠቀች» አላለችም፤ «ላቀች ትሰነጠቃለች» አለች። እኔ በማውቀው ገበያ የደህናዋም የመጥፎዋም ሠሪ አብረው ከሰሩ።

2. የሚባዛው ዕቃሽ አይደለም፤ በዕቃሽ እንጀራ የሚበላው ሰው ነው።

ከሁሉ ይህቺን ያዢልኝ።

ምርት ምድጃን የሠሩት በ1980ዎቹ የአገራችን የኢነርጂ ባለሙያዎች ናቸው። በሦስት ጉልቻ ላይ ከመጋገር ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል እንጨት ይቆጥባል። እንጀራ መጋገር የቤቱን ማገዶ ከግማሽ በላይ በሚበላበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሲሚንቶና አሸዋ ተለውሶ በብረት ሞልድ ይወጣል፤ ቁርጥራጮቹ ሲገጣጠሙ ክብ ሠርተው ምጣዱን ይይዛሉ፣ ከኋላ ደግሞ ጢሱ በሚወጣበት በኩል ድስት ይጣድበታል። ሞያው ያለው ምጣዱና እሳቱ እንዲቀራረቡ፣ ነፋስም እሳቱን እንዳይሰርቀው ማድረጉ ላይ ነው።

እኔ በነበርኩበት ወረዳ አንድ ረጂ ድርጅት ምድጃውን በነጻ አደለ። በመኪና ተጭኖ መጣ፣ ሕዝቡ ተሰለፈ፣ ፎቶ ተነሣ። በዓመቱ ለጥናት ስንመለስ አንዱ ቤት የምድጃው ቁራጮች የዶሮ ማደሪያ ግድግዳ ሆነው አገኘናቸው። ሌላው ቤት በር ላይ መቀመጫ ሆነዋል። ሴትየዋን ለምን ብዬ ብጠይቃት አንዷ ቁራጭ ተሰብራባት፣ የምትተካበት ቦታ አጥታ፣ ስድስት ወር ጠብቃ ወደ ጉልቻዋ ተመልሳለች። ምን አጠፋች? ሪፖርታችን ላይ ግን ያ ቤት አሁንም «ተጠቃሚ» ነበር። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በኋላ፣ በ1990ዎቹ፣ በጀርመኑ ጂቲዜድ ድጋፍ መንገዱ ተለወጠ። ምድጃ ማደል ቀርቶ ሠሪ ማሠልጠን ሆነ፤ በየከተማው ሲሚንቶዋን በራሷ ብር ገዝታ፣ ሠርታ፣ ከደጇ የምትሸጥ ሰው። ደብረ ታቦር ላይ አንዲት ነበረች። ሞልዱን በመዶሻ እጀታ ዙሪያውን ጠቅ ጠቅ አድርጋ ስታወጣው አንድም ጠርዝ አይፈርስባትም። የወጣውን በእርጥብ ጆንያ ሸፍና ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ ውኃ ታጠጣዋለች፤ ገዢ ቆሞ ቢለምናት እንኳ «አልጠጣም ገና» ትላለች። ሲሚንቶ በኩንታል ሲጨምር ማን ላይ እንደምትጮህ ስለማታውቅ እኔ ላይ ትጮኻለች። ልጇ በደብተር ላይ ሒሳቡን ይይዝላታል።

ፕሮጀክቱ ያበቃ ሰሞን ልሰናበታት ሄድኩ። በሐዘን ነው የሄድኩት፣ የሥራ ዘመኔ አብሮ የሚዘጋ መስሎኝ። «እኅቴ፣ ፕሮጀክቱ እኮ ተዘጋ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «የቱ ፕሮጀክት?» አለችኝ። ከዚያ ሞልዷን ማጽዳት ቀጠለች።

በሥራ ዘመኔ ከተሰጠኝ የምስክር ወረቀት ሁሉ ያቺን ጥያቄ እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ። ስንት ቤት፣ ስንት ዛፍ፣ ስንት ቶን ካርቦን፣ ሁሉንም ነግረሽኛል። ጉልት ላይ ቁጭ ብላ ከሰል የምትቸረችረውን ሴት ግን አንድ ቦታ እንኳ አላነሳሻትም። ከእንጨት ከሰል አንድ ጆንያ ስንት ታተርፋለች? ካንቺስ? ያንቺ በአምስት ብር የሚያንሳት ከሆነ ከጀርባዋ ትደብቀዋለች እንጂ ከፊቷ አታወጣውም። የሷን ሒሳብ ከራስሽ ሒሳብ በፊት ሥሪው። አንድ ሚሊዮን ቤት የምትደርሺው በሷ በኩል ነው፤ ካልሆነም አትደርሺም።

3. ሞት አይሸጥም፣ ዛፍም አይሸጥም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ የማገዶ ጢስ ሰበብ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ለዳኞቹ ማቅረብሽ ደግ ነው። ገበያ ላይ ግን አታውጪው። «ሳንባዬን ላድን» ብላ ምድጃ የገዛች ሴት በሃያ ዓመት አላጋጠመችኝም። እሳቱ ቅልጥሟን ስለማይለበልባት፣ ግድግዳዋ ጥላሸት ስለማይለብስ፣ የወር እንጨት ወር ተኩል ስለሚሄድላት የገዛች ግን ብዙ ናት።

ቀድመው የገዙትም ይበልጥ የሚቸገሩት አልነበሩም። ቀድመው የገዙት እንጨት በብር የሚገዙት የከተማ ሰዎች ናቸው። ገጠር ላይ እንጨቱን ማን ይለቅማል? እሷ። ብሩን ማን ይይዛል? ባሏ። እሷ የምታድነው ሁለት ሰዓት እሱ ኪስ ውስጥ አይታይም። ይህን ማስተካከል ሌላ ሥራ ይጠይቃል፤ አንቺ ግን በመጀመሪያው ዓመትሽ ከዚያ አትጀምሪ። የጀበና ቡና ከሚሸጡት ልጆች ጀምሪ። ቀኑን ሙሉ ከሰል ያነዳሉ፣ በየቀኑ ይገዛሉ፣ የሳንቲም ልዩነት ያውቃሉ። ደንበኛቸው ፊት ደግሞ ሩብ ሰዓት ጢስ ማጨስ አይችሉም። ቁጥር አንድ ላይ ስለ ጢሱ ያስጠነቀቅኩሽ ለዚህ ነው።

4. የትኛው ሥራ ያንቺ፣ የትኛው የሌላ እንደሆነ ለዪ።

ኢትዮ ቺክንን ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በ2010 መቀሌ ላይ ከመንግሥት በተረከቡት የዶሮ እርባታ ጀመሩ። የገበሬዋ ችግር ምን ነበር? የተሻለ ዝርያ ጫጩት ብታገኝ እንኳ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አያልፍላትም፤ ብርድ አለ፣ ክትባት አለ፣ ጭልፊት አለ። ስለዚህ ኩባንያው ጫጩቱን በቀጥታ ለገበሬዋ አልሸጠም። የአንድ ቀን ጫጩት ለወኪሎች ይሸጣል፤ ወኪሉ ሙቀት ሰጥቶ፣ አስከትቦ፣ አንድ ወር ተኩል ገደማ አሳድጎ ለገበሬዋ ይሸጣል። ገበሬዋ የምትገዛው የሚተርፍ ዶሮ ነው። ወኪሉም በመሐል ትርፍ አለው። ኩባንያው ደግሞ ሌላው ሊሠራው የማይችለውን ማስፈልፈያውን፣ ዝርያውንና መኖውን ይዟል።

ያንቺስ? ገለባ ማክሰልና መጭመቅ የግድ አንቺ ግቢ ውስጥ መሆን አለበት? ለእኔ ጥራት መፈተሽና ማጣበቂያውን መመጠን ያንቺ ነው። ማክሰሉን ገለባው ባለበት፣ አጋሮ ወይም ሊሙ ያሉ ወጣቶች በርሜል ይዘው ይሥሩት። ገለባ ክብደት የሌለው ትልቅ ነገር ነው፤ አይሱዙ ሞልተሽ ስታጓጉዢ የምትከፍዪው ለአየር ነው። የከሰለው ዱቄት ግን ትንሽ ቦታ ይይዛል። ይህን ሒሳብ በወረቀት አስልተሽ ላኪልኝ፣ እጄን ያሳክከኛል።

5. ነጻ የነበረ ነገር ነጻ አይቆይም።

ዛሬ የቡና መፈልፈያዎቹ «እባክሽ አንሺልን» ይሉሻል፤ ገለባው ክምር ሆኖ ይሸታቸዋል፣ ወንዝ ሲገባም ያስከስሳቸዋል። በአይሱዙ መምጣት ስትጀምሪ ዘበኛው ያስተውላል። በሁለተኛው ዓመት ባለቤቱ ይደውልልሻል። በሦስተኛው በኩንታል ይሸጥልሻል። አልፈርድበትም፤ ቆሻሻ ፈላጊ ሲያገኝ ሸቀጥ ይሆናል። ስለዚህ አሁን፣ ነጻ ሆኖ ሳለ፣ ትንሽ ብር ጨምረሽ የሁለትና የሦስት ዓመት ውል ያዢ። ዋጋ የሌለውን ነገር ለምን እከፍልበታለሁ አትበይ፤ የምትከፍዪው ለነገው ዋጋ ነው።

ሌላም አለ። ገለባ የሚበዛው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ የከሰል ፈላጊ ደግሞ ክረምት ላይ ይበዛል፣ ያኔ ገለባም ፀሐይም የለሽም። የመጋዘን ጣሪያ ከሁለተኛ ማሽን ይቀድማል። ዳኞች ፊት ጣሪያ አያምርም፣ አውቃለሁ።

6. ጉባኤ ቀንሺ።

በጥቅምት 2012 ዓ.ም. የዓለም የማኅበራዊ ንግድ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ሲደረግ ተጋብዤ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ቁም ነገር ሰምቻለሁ፣ ሐሰት አልናገርም። ግን አጠገቤ የነበረ አንድ ወጣት በዚያ ዓመት ስድስተኛ ጉባኤው እንደሆነ ነገረኝ። «ማን ይሠራል ታዲያ?» ብለው ሳቀ። በዓመት አንድ ይበቃሻል።

7. ሀብታም ሲያጨበጭብልሽ እግርሽን ተመልከቺ።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ፕሌይፓምፕ የሚባል ነገር ተፈለሰፈ። ልጆች የሚሽከረከሩበት መጫወቻ ከጉድጓድ ውኃ ይስባል፣ ውኃው ከፍ ያለ ታንከር ውስጥ ይገባል፣ ታንከሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ ለጥገና የሚሆን ገቢ ያመጣል። ስትሰሚው ደስ ይላል፤ ችግሩም ያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ኒው ዮርክ ላይ 16.4 ሚሊዮን ዶላር ቃል ተገባለት፣ እስከ 2010 አራት ሺህ ፓምፕ በአፍሪካ ይተከላል ተባለ።

ከዚያ እውነቱ መጣ። ልጆች ይደክማቸዋል፣ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ ይሰለቻቸዋል። ውኃ የሚያስፈልገው ንጋት ላይ ነው፤ ንጋት ላይ የሚጫወት ልጅ የለም። ሞዛምቢክ ውስጥ እናቶች መጫወቻውን በእጃቸው ሲገፉ ታዩ፤ ድሮ በእጅ ፓምፕ ከሚስቡት ይልቅ ከብዷቸው። በገጠር ማስታወቂያ የሚለጥፍ ኩባንያም አልተገኘም። የእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ ሲያሰላው፣ የታሰበውን ያህል ሕዝብ ለማጠጣት ልጆቹ በቀን 27 ሰዓት መጫወት ነበረባቸው። እቅዱ ሳይደርስ ቀረ።

እኔን የሚያስገርመኝ መሳሪያው መጥፎ መሆኑ አይደለም፤ ብዙ ልጅ ባለበት ትምህርት ቤት ሊሠራ ይችላል። አንድ ሰው እንኳ ቀድሞ አንድ መንደር ሄዶ፣ ሦስት ቀን አድሮ፣ ውኃ ስትቀዳ የምታድረውን ሴት ቢያያት ያ ሁሉ ገንዘብ ሌላ መንገድ ይይዝ ነበር። አንቺ ሦስት ቀን አንዲት ጀበና ቡና ሻጭ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጪ። ላፕቶፕሽን ቤት ተዪው።

8. የማንን ብር እንደምትወስጂ፣ ለስንት ጊዜም እንደሆነ እወቂ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ። ሙሐመድ ዩኑስ እ.ኤ.አ. በ1976 ባንግላዴሽ ጆብራ መንደር ውስጥ ለ42 ሰው ከኪሱ 27 ዶላር አበደረ። ግራሚን ባንክ ሆኖ የቆመው በ1983 ነው። ሰባት ዓመት መሆኑን ልብ በይ። ሐሳቡ ዓለምን ዞሮ እኛም አገር ደረሰ፤ የአማራው ብድርና ቁጠባ ተቋም ስንት ዓመት ገጠር ሲዞር ኖሮ ዛሬ ፀደይ ባንክ ሆኗል።

ያው ሐሳብ ሕንድ ውስጥ ግን ሌላ ሆነ። ገንዘብ ያፈሰሱት ባለሀብቶች ቶሎ ማትረፍ ፈለጉ፤ አበዳሪዎቹ አንዲትን ሴት ሦስት አራት ሆነው አበደሯት፤ አንዱን ዕዳ በሌላው ስትከፍል ከረመች። ኤስኬኤስ የተባለው ትልቁ አበዳሪ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2010 አክሲዮኑን ለገበያ ሲያወጣ ደስታ ነበር። ያን ጊዜ በአንድራ ፕራዴሽ ከዕዳ ጋር የተያያዙ ራስን የማጥፋት ወሬዎች ይሰሙ ነበር። በጥቅምት ክልሉ ድንገተኛ ሕግ አውጥቶ ብድር መሰብሰቡን ገደበው፣ ተበዳሪው መክፈል አቆመ፣ ዘርፉ በወራት ውስጥ ተንኮታኮተ።

ባለሀብት ክፉ ነው እያልኩሽ አይደለም። ከሰል ለማድረቅ የሚፈጀውን ጊዜ የባለሀብቱ ትዕግሥት አያሳጥረውም ነው የምልሽ። የእርዳታ ብር ለሙከራና ለስህተት ይሁን፤ የሽያጭ ብር ለደመወዝ ይሁን፤ የብድር ብር ደግሞ ገዢው አስቀድሞ ለታወቀ ጆንያ ብቻ ይሁን። የአክሲዮን ባለድርሻ ከማስገባትሽ በፊት የሚፈልገውን ዓመት በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቂው። አምስት ዓመት ካለሽ፣ አምስት ዓመት የሚበቃሽ መሆኑን ለእኔ አስረጂኝ።

9. ድሃ ርካሽ ነገር አይፈልግም፤ በአከፋፈሉ የሚስማማውን ነው የሚፈልገው።

ኬንያዎቹ ይህን ቀድመው ገባቸው። ኤም-ፔሳ እ.ኤ.አ. በ2007 ስልክን ቦርሳ አደረገ። ከዚያ በ2012 ኤም-ኮፓ የፀሐይ መብራት ይዞ መጣና ሙሉ ዋጋውን አምጡ አላለም። ትንሽ ቅድሚያ፣ ከዚያ በየቀኑ ወደ 50 ሽልንግ በስልክ፤ ቤቱ ለኩራዝ ጋዝ ከሚያወጣው ጋር የሚቀራረብ ነው። ካልከፈልክ መብራቱ ይዘጋል፣ ዓመት ገደማ ከከፈልክ የራስህ ይሆናል። እኛ አገር ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀመረ። ጀበና ቡና ሻጯ ስልኳ ላይ ቴሌብር አላት፤ አንቺ ግን በጆንያ ካልሆነ አልሸጥም ብለሻል። ጠዋት አንድ ፌስታል ወስዳ ማታ ብትከፍልሽስ?

የሕንዱን አራቪንድ የዓይን ሆስፒታል ደግሞ ሳልነግርሽ ባልፍ ቅር ይለኛል። ዶክተር ጎቪንዳፓ ቬንካታስዋሚ ከመንግሥት ሥራ በ58 ዓመቱ ጡረታ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1976 ማዱራይ ከተማ ውስጥ በ11 አልጋ ጀመረው። የሞራ ቀዶ ሕክምና ነው። ሁለት የቀዶ ጥገና አልጋ ጎን ለጎን ይዘረጋል፤ ሐኪሙ አንዱን ሲጨርስ ሁለተኛው ታካሚ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ማዘጋጀቱንና ማሰናዳቱን ከገጠር ተመልምለው የሠለጠኑ ልጃገረዶች ይሠሩታል። ሐኪሙ ሐኪም ብቻ ሊሠራው የሚችለውን ይሠራል። የሚከፍለው ታካሚ ክፍያ የማይከፍለውን ይሸፍናል። ዓይን ውስጥ የሚገባው ሌንስ ከውጭ በውድ ሲመጣባቸው በ1992 ኦሮላብ የሚባል የራሳቸውን ፋብሪካ ከፍተው በጥቂት ዶላር ማምረት ጀመሩ።

የጡረታ ዕድሜን ያነሳሁት ለምን እንደሆነ ገብቶሻል። እኔም ገና ነኝ።

10. ስትቆጥሪ ለራስሽ አትዋሺ።

የካርቦን ገበያ ሰዎች እንደሚያናግሩሽ ጽፈሻል። ገንዘቡ ይጠቅማል። ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር ሰስቴነቢሊቲ ላይ የወጣ ጥናት፣ በመረመራቸው የምድጃ ፕሮጀክቶች ላይ የተሸጠው የካርቦን ቅነሳ ከእውነተኛው ወደ ዘጠኝ እጥፍ ገደማ የተጋነነ ሆኖ አግኝቶታል። እንዴት እንደሚጋነን ልንገርሽ፤ ሠርቼዋለሁና። ምድጃ የሰጠሽው ቤት ሁሉ ምድጃውን ብቻ ይጠቀማል ብለሽ ትጽፊያለሽ። ቤቱ ግን ምድጃውንም ጉልቻውንም ጎን ለጎን ያነዳል። ዶሮ ማደሪያ የሆነውም ይቆጠራል። ወደ ቤቱ ሳትሄጂ በሽያጭ ደረሰኝ አትቁጠሪ። በወር አሥር ቤት በድንገት ግቢ፣ ምድጃው ሥር ያለውን አመድ እዪ። የእንጨት ከሰል አመድና ያንቺ ከሰል አመድ በቀለም እንደሚለያዩ ራስሽ አስተምረሽኛል።

11. ወረቀቱን አትፍሪው።

እርዳታ ድርጅት ልሁን ወይስ ነጋዴ ብለሽ ስድስት ወር አጥፍተሻል። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ይፈቅዳል። ነጋዴ ሁኚ። ማትረፍ ካፈረሽ ጉልት ላይ ያለችው ሴት አታምንሽም፤ የማያተርፍ ሰው ነገ እንደሚሄድ ታውቃለች።

12. ሲቀዱብሽ አትናደጂ፤ በደንብ እንዲቀዱ እርጂያቸው።

ከጅማ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ልጆች ማሽንሽን ፎቶ አንስተው እየሠሩ ነው ብለሽ በቁጣ ጽፈሻል። ላቀች ላይ የደረሰውን ነግሬሻለሁ፤ እነሱ ያበላሹት ያንቺንም ስም ያበላሻል። ስለዚህ ቁጣሽ ወደ ፍርድ ቤት አይውሰድሽ። አራቪንድ ሙያውን ለሌሎች ሆስፒታሎች ያስተምራል፤ በዚህም እሱ ራሱ የማይደርስባቸው ታካሚዎች ዘንድ ደርሷል። ልጆቹን ጥሪያቸው። የድርቀት መለኪያሽን አሳያቸው፣ ማጣበቂያውን በጅምላ ሽጪላቸው፣ ጆንያው ላይ የጋራ ምልክት ይኑራችሁ፣ ያላሟላው ምልክቱን ያጣል። እኔ ምድጃ ሠሪዎቹን ለማኅበር ሳሰባስብ ከሥልጠናው ይልቅ ያግባባቸው ሲሚንቶ በአንድ ላይ መግዛታቸው ነበር።

ደብረ ታቦሯን ሴትዮ ባለፈው ዓመት ፋሲካ ሰሞን አገኘኋት። ልጇ አሁን ሞልድ ብየዳ ይሠራል፤ ለሌሎች ሠሪዎች ይሸጣል፣ ከእናቱ ጋር የሚወዳደሩትንም ጨምሮ። «ተፎካካሪ አበዛብኝ» ብላ አማረረችብኝ፤ እያማረረች ደግሞ ቡና አፈላችልኝ፣ በላቀች።

ሁለተኛውን ጆንያ በሐምሌ አጋማሽ ላኪልኝ። ለአክስቴ ብለሽ የደረቀውን መርጠሽ እንዳትልኪ፤ ከክምሩ ላይ እንደመጣ፣ አውቶቡስ ተራ ለሚመጣው ሰው ስጪው። እነዚያኑ ሁለት ጎረቤቶቼን እጠራለሁ። ዓይኗን የጠረገችው በተለይ እንዳትቀር ነግሬያታለሁ።

አክስትሽ